የቢያዝን ፊርማ

ጎረቤቴ ቢያዝን ለገንዘብ ሲል ሰው ይመታ ነበር። ላማው ብዬ አይደለም፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከመራዊ የመጣ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። ባሕር ዳር በኑግ ዘይት መጭመቂያ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ደሞዙን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይገባና ሚስቱ ፀሐይወርቅ የጨው መግዣ ስትጠይቀው፣ ቋጠሮውን ሲፈታ ጥርሱን የሚነቅሉት ይመስል ነበር። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ «ስሙኒ አጎደልህብኝ» ብሎ የበርበሬ ነጋዴውን አፍንጫ በቡጢ ሰብሮታል። እኔ ጀሊላ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር ትንሽ ሱቅ ያለኝ ሴት፣ ይህን ሰው ብፈራውም አምነው ነበር። ገንዘብ ሲሰጠኝ ያመዋል። ያመመው ሰው ደግሞ ያለ ነገር አይገዛም።

ፀሐይወርቅ እናቷ ላም ሸጣ የገዛችላት የስፌት መኪና ነበራት። በእጅ የሚዞር፣ ከባድ ብረት። ቢያዝን ቋጠሮዬን አልፈታም ባለ ጊዜ ልጆቹ የሚበሉት በዚያ መኪና ነው። ቤቱን አቁሞ የያዘው መኪናው እንጂ ምሰሶው አልነበረም።

በሰባ አንድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ቢያዝን ከሥራ ሲወጣ ቀበሌ እየሄደ ፊደል ቆጠረ። እስከዚያ ድረስ ደሞዙን የሚወስደው በአውራ ጣቱ አሻራ ነበርና ቀለሙ እስኪለቅለት እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቅ ነበር። ስሙን መጻፍ የቻለ ጊዜ ግን ቤቱ ሠርግ መሰለ። በሩ ላይ ጻፈ፣ አካፋው ላይ ጻፈ፣ የእኔን ግድግዳ ሳይቀር በከሰል ሞላው። ከሥሩ የሚጠማዘዝ ጭረት ጨመረበትና «ይኸ ፊርማዬ ነው» አለ። ሸሚዙ ኪስ ላይ እስክሪብቶ ሰካ። እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ እልል ብያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ መጭመቂያ ቤቱ ውስጥ የሠራተኞች ክበብ ተከፈተ። ጥብሱም አረቄውም በዱቤ ነው፤ ሰው ይፈርማል፣ ወር ሲደርስ ከደሞዙ ይቆረጣል። ለስሙኒ አፍንጫ የሰበረው ቢያዝን ጓደኞቹን አስከትሎ እየገባ «በእኔ ሒሳብ!» ማለት ጀመረ። የሚፈታ ቋጠሮ የለ፣ ከእጁ የሚወጣ ብር የለ፣ ታዲያ ምኑ ይመመው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

«ሰውየው፣ ምነው አበዛኸው?» ስትለው ፀሐይወርቅን በግድግዳው ሰማሁ።

«ምን ሰጠሁ? ስሜን ነው የጻፍሁ!»

«ስምህ ቋት ይሞላል?»

ከዚያ ጥፊው ተሰማ፤ ቀጥሎ የሸክላ ድስት ሲሰበር።

እኔም ሱቅ መጣ። «እትዬ ጀሊላ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ስጭኝና ልፈርምልሽ» አለ።

«አንተ ቢያዝን፣ ለፊርማ መልስ የለኝም» አልሁት።

የጨው ቁናዬን በእርግጫ መትቶ መንገዱ ላይ በተነው። እኔም የሚዛኑን ድንጋይ አንስቼ ወረወርሁበት፤ ጆሮውን ጫረው እንጂ አላገኘውም። ባገኘው ኖሮ አይቆጨኝም ነበር።

ወር ሞላና ደሞዝ ተከፈለ። ገንዘብ ያዡ በመስኮቱ ጥቂት ሳንቲም አወጣለት። ቢያዝን ሳንቲሞቹን አየ፣ እጁን አየ፣ «ሌባ!» ብሎ ገንዘብ ያዡን በአንገትጌው ጎትቶ ግንባሩን ከመስኮቱ ብረት ጋር አጋጨው። ዘበኞቹ ደግሞ እሱን በቆመጥ ቀጠቀጡት። ደም በደም ሆኖ ቤቱ ገባና የተቀበለውን ዱላ ለሚስቱ አወረሳት። በዘነዘና ግድግዳውን እየደበደብሁ «ኧረ አላህን ፍራ!» ብዬ ጮህሁ። በማግስቱ ፀሐይወርቅ ቅንድቧን በጨርቅ አስራ መኪናዋን ስታዞር አገኘኋት። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባላል። የእኛ ጎረቤት ግን ሳይጠግብ ነው የዘለለው።

ያም ሳያንሰው ገብረ መስቀል ለሚባል የአረቄ ጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈረመ። ያ ሰውዬ የክበቡን ዱቤ እስከ አንገቱ በላና በጀልባ ወደ ቁንዝላ ተሻግሮ ጠፋ። ክበቡ ዋሱን በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰ። የቢያዝን ደሞዝ አስቀድሞ ተበልቷል፤ ስለዚህ ንብረቱ ይያዝ ተባለ። በዚያ ቤት ንብረት የሚባል ያችው የስፌት መኪና ናት።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው ከክበቡ ተቆጣጣሪ ጋር መጡ። ፀሐይወርቅ መኪናዋን ታቅፋ «ሬሳዬን ካልሆነ አትወስዱም!» አለች። አንደኛው በሰደፍ ትከሻዋን ሲመታት ተንበረከከች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቢያዝንን አየሁት። ያ ሁሉ ቡጢ ዛሬ ገና ቦታውን ሊያገኝ ነው ብዬ ነበር።

ተቆጣጣሪው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ጓድ ቢያዝን፣ መኪናዋን ማስረከብዎን እዚህ ላይ ይፈርሙልን» አለው።

አንቱታውን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። አላህ ያሳያችሁ፣ ፈካ! እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፣ እስክሪብቶውን መዘዘ፣ አጎንብሶ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ጻፈ።

ፀሐይወርቅ ከተንበረከከችበት ተነሣች። የመኪናውን ብረት በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ በሚጽፈው እጁ ላይ ጣለችው። አጥንቱ እንደ ጭራሮ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ጩኸቱ ሐይቁ ዳር ሳይሰማ አልቀረም። ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ተኩስ!» አለችው። «ተኩስና ልጆቼን አንተ አብላቸው!»

አልተኮሰም። ወረቀቱ በደም ርሷል፤ ተቆጣጣሪው በሩን ተደግፎ ያስታውካል። ቢያዝንን ደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ መኪናው እወደቀበት ቀረ። በኋላ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሸንጎው ፊት ቆመው ለመኑላት። መኪናው ይቅር፣ ዕዳው ከባልየው ደሞዝ በየወሩ ይቆረጥ ተባለ።

ቢያዝን ሦስት ጣቱ ተጣሞ ተመለሰ። ፀሐይወርቅ መቀስ ራስጌዋ አድርጋ ትተኛ ነበር፤ እሱም ያውቃል። ከዚያ ወዲያ በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ የመኪናዋ ድምፅ ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያው ደሞዝ ዕለት እስክሪብቶ መያዝ አልቻለም። ግንባሩ የተጠገነው ገንዘብ ያዥ የቀለሙን ጨርቅ ገፋለት፤ ቢያዝንም የግራ አውራ ጣቱን ነክሮ አተመ። ከዕዳው የተረፈችውን በጋቢው ጫፍ፣ በግራ እጁና በጥርሱ ቋጥሮ ቤቱ ገባ። እኔ ልብስ ላሰፋ እዚያው ነበርሁ።

«ፍችልኝ» ብሎ ቋጠሮውን ዘረጋላት።

«ራስህ ፍታው» አለችው፣ መኪናዋን ማዞር ሳታቆም።

በጥርሱ ነከሰ፣ በቀለማሙ ጣቱ ጎረጎረ፣ የተሰበረውን እጅ ሲያስገባ ግንባሩን አላበው። ብሩን አንድ በአንድ እያወጣ ጉልበቷ ላይ አኖረ።

«አመመህ?» አለችው።

«አመመኝ።»

«እንግዲያው ገንዘብ ነው» አለችና አንዱን ብር ለእኔ ሰጥታ ጨው አምጭልኝ አለችኝ።