እናቴ ያለፈችው ፈተና

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ መዝመት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ባሕር ዳር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ዘንድሮ እናቴ በዚያን ጊዜ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ስለደረስሁ ነው መሰለኝ፣ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

እናቴ ዘነቡ፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ አንድ የቅባት እህል ማበጠሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ድርጅቱ ዛሬ የለም። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው ኑግና ሰሊጥ ያበጥራሉ። ሹም አቦ ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ዘምዘምም የሚሠሩት እዚያው ነው። ሁለቱም ሃምሳን አልፈዋል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን የሥራ ቦታው ካድሬ ሴቶቹን ሰብስቦ፣ "ዕድሜያችሁ የገፋ ሁሉ የጤናና የጉልበት ፈተና አለባችሁ" አላቸው። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ወሬው ግን ወዲያው ተናፈሰ፤ የደከመች ትባረራለች ተባለ። ሁለቱም ለጡረታ ገና ነበሩ።

እናቴ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ጎህ ሲቀድ ትነሣና ጉልበቷን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አስራ ወደ ጣና ዳር ትወርዳለች። እኔና እትዬ ዘምዘም እንከተላታለን። እዚያ በዛፎቹ ሥር እየተመላለሰች ትሮጣለች፤ ድንጋይ ታነሣለች፤ ቁጢጥ ትልና እጇን መሬት ሳታስነካ ብድግ ትላለች። መጀመሪያ ላይ ጉልበቷ ሲንቋቋ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። እያደር ግን እግሯ ፈጠነ፣ ትንፋሿም ረጋ።

እትዬ ዘምዘም እግራቸው ያብጣል። ትንሽ ሄድ እንዳሉ ትንፋሽ ያጥራቸውና ከውኃው ዳር ይቀመጣሉ።

"ተነሽ እንጂ አንቺ!" ትላቸዋለች እናቴ።

"ልቤ እኮ ነው ዘነቡ። ልቤ እምቢ አለኝ።"

"እንግዲያው ተቀመጪ። ሲያባርሩሽም ሥራሽ መቀመጥ ነው።"

እትዬ ዘምዘም እንዲህ ስትላቸው ይስቁ ነበር። አንድ ቀን ግን ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ አየኋቸው። እናቴም አይታቸዋለች። ሩጫዋን ግን አላቆመችም።

የፈተናው ዕለት ለእናቴ ምሳ ላደርስ ሄጄ ስለነበር ሁሉንም ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር የእያንዳንዷን የልብ ምት አዳመጠ፤ "እጄን ጨብጭኝ፣ ጠበቅ አድርጊው" እያለ ሞከራቸው። ከዚያ ካድሬው ፊሽካ ነፋና መጋዘኑን ዙሩ አላቸው። አሮጊቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። ጭነት የሚጠብቁት ሾፌሮች መኪናቸው ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ። የአንዲቱ መቀነት ተፈትቶ እግሯ ላይ ሲጠመጠምባትማ ሳቁ ሌላ ሆነ።

እትዬ ዘምዘም ገና ከመጋዘኑ ጀርባ ብቅ እንዳሉ በአፍጢማቸው ተደፉ። ካድሬው ቆም ብሎ አያቸውና፣ "ይቺ ለቀባሪ እንጂ ለምርት አትሆንም" አለ።

እናቴ አንደኛ ገባች። ገብታም ግማሽ ኩንታል በጀርባዋ ተሸክማ ቀጥ ብላ ቆመች። ካድሬው ራሱ አጨበጨበላት። እሷ ጆንያውን አውርዳ፣ አፈር ላይ ወደተቀመጡት እትዬ ዘምዘም ዞረችና፣ "አላልሁሽም?" አለቻቸው።

ያን ቀን ማታ ቤታችን ሠርግ መሰለ። በማግስቱ ሁሉንም ሰብስበው ውጤቱን ነገሯቸው። ተሸካሚ የነበሩት ወንዶች ዘምተው አልቀዋል። ስለዚህ በፈተናው ጠንካራ ሆነው የተገኙት ሴቶች ጆንያ ከመጋዘን ወደ መኪና ይሸከማሉ። የደከሙት ደግሞ ጡረታቸው እስኪደርስ ቁጭ ብለው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋሉ። ማንም አልተባረረም።

እናቴ ካድሬው ዘንድ ሄዳ ለመነችው። "ጉልበቴን ያመኛል ጌታዬ፣ እንደገና ይመርመሩኝ" አለችው።

"ትናንት በዓይኔ በብረቱ አይቼሽ?" አላት። "ማን እንደ ፈረስ ሩጪ አለሽ?"

ዝናብ እስኪገባ ተሸከመች። አንድ ቀን ጆንያ በጀርባዋ እንደያዘች ወደ መኪናው የሚያስወጣው እርጥብ ሳንቃ አዳለጣትና ወደቀች። ጆንያውም ከላይዋ ወደቀባት። ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኝታ ወጣች፤ አጥንቱ ግን አልገጠመም። መራመድ ስላልቻለች ከሥራ አሰናበቷት። የፈራችው ሁሉ ደረሰባት።

አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ አፏ ይበልጥ መረረ። እትዬ ዘምዘም ከሥራ ሲወጡ ቀጥታ የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?"

"ላጥብሽ ነው የመጣሁት" አሉና ውኃ እንዳሞቅ ነገሩኝ።

እኔ ብቻዬን ላገላብጣት አልችልም ነበር። እሳቸው በዚያ ባበጠ እግራቸው ተንበርክከው፣ መሀል መሀል ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ያጥቧታል። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ እሳቸውን በአገጯ እያመለከተች፣ "ፈተናውን ያለፍሁት እኮ እኔ ነኝ። ይቺ ወድቃ ነው የቀረችው" ትላለች። ሰዉ አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

"እውነቷን ነው" ይላሉ እትዬ ዘምዘም። "የሚደርስባት አልነበረም።"

እናቴ በሁለተኛው ክረምት ሞተች። እስከ መጨረሻው አንድም ቀን እግዜር ይስጥልኝ አላለቻቸውም። እሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ ፋሲሎ ሰፈር ልጃቸው ቤት ብዙ ዓመት ኖሩ።

የካድሬውን ንግግር ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለእናቴ ግን ማዘን እጀምርና አፏ ትዝ ይለኛል፤ ልቆጣት እልና ያ ሽባ ሆኖ የቀረ እግሯ ትዝ ይለኛል። እናቴ ናትና እወዳታለሁ። ነፍሷን ይማርልኝ ብዬ ጸሎት ስጀምር ግን፣ ሳላስበው ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው የእትዬ ዘምዘም ስም ነው።