የአንድ ክንፍ ልክ

ሞተር አየር ላይ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው እኛ መካኒኮች ላይ ነው። ስንት ጊዜ ፈትቼ አየሁ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የጠፋው ነዳጁ ነው!

ዘንጌ የነዳጅ ሠራተኛችን ነው። ስሙን ያተረፈው ራሱ ቀርጾ ምልክት ባደረገባት የእንጨት ዘንግ ነው። የትንንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ ቆጣሪ እንዳሻው ስለሚያወራ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ዘንጉን በሁለቱም ክንፍ ታንክ ውስጥ ይነክርና የረጠበበትን ያነባል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአየር ማረፊያው አጥር ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ልጅ የለውም። "ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው ነኝ፤ እሑድ ዕቃ ነኝ" እያለ ይቀልዳል። እኔን አስቆኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ዝናብ ማቆሚያውን አጥለቀለቀውና አንዷ አውሮፕላን ዳር ላይ፣ ተዳፋት ቦታ አደረች። ሁለቱ ታንኮች በቱቦ ይገናኛሉ፤ ነዳጁ ሲያድር ዝቅ ወዳለው ክንፍ ወረደ። ጠዋት ዘንጌን ጉልበቱን አሞታል። ዝቅ ያለውን ክንፍ ብቻ ለካ፤ አርባ ሊትር። ሌላውም እኩል መስሎት በሁለት አባዛው።

"ሰማንያ አለሽ፣ ካፒቴን" አላት አብራሪዋን።

የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሰማንያ ከበቂ በላይ ነው። በእሱ ትተማመናለችና መሰላሉን ሳትረግጥ ተነሳች። ልትደርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት ሞተሩ ሁለቴ ተንተፋተፈና ዝም አለ። የታረሰ መሬት ላይ አሳረፈቻት። የፊት ጎማው ተሰበረ፤ እሷን ግን እግዜር አተረፋት።

ሕጉ አብራሪው ራሱ ነዳጁን ይመልከት ስለሚል ፈቃዷ ሊነጠቅ ሆነ። መርማሪዎቹ ፊት "ራሴ ነኝ የለካሁት፣ ተሳስቻለሁ" ብላ ሸፈነችው። ዘንጌ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ዝም ቢል ማንም አይነካውም።

"ውሸቷን ነው" አለ ብድግ ብሎ። "እኔ ነኝ። ሌላውን ክንፍ አልለካሁም። እሷ ጥፋቷ እኔን ማመኗ ነው።"

እሷን በማስጠንቀቂያ ለቀቋት፤ እሱን ከነዳጅ አንስተው መጋዘን ከተቱት። ዝም ባለማለቱ ተናደድኩበት። ቆይቶ ደግሞ አፈርኩ፤ እኔ ብሆን ዝም ነበር የምለው።

ከሳምንት በኋላ የሞተር ካንዴላ ልወስድ መጋዘን ስገባ አብራሪዋ ፊቱ ቆማለች።

"ምን አስለፈለፈህ ጋሼ? ሁለት ዓመት'ኮ ነው የቀረህ!"

"ፈቃድሽን ቢወስዱት ከዚህ ትሄጃለሽ።"

"ብሄድስ? ሌላ አብራሪ ይመጣል።"

"ይመጣል።" ካንዴላዎቹን ቆጥሮ ሰጠኝ። "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምጠብቀው ሰው የለኝም። አንቺ ስትነሺ ግን እጠብቃለሁ። ሳታርፊ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።"

ሰባት ዓመት ሙሉ አርፋ ስትሄድ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ አይታው አታውቅም። የዕቃ ሳጥን ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ የዚያን ቀን በረራዋ ግማሽ ሰዓት ዘገየ።