ታምሬ ይችላል

ወርቅውሃ ልጇን ሰው ፊት አታማም። ባሏ አንዳርጌ በወባ ከሞተባት ወዲህ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ እያበጠረች ነው የኖረችው። ስለ ወገቧ ታማርራለች፣ ሙቀቱን ትራገማለች፤ ስለ ታምሬ ግን ክፉ ቃል ከአፏ ሰማሁ የሚል ሰው አይገኝም። የመተማ ቆላ ልጅ ናት። እዚያ "ልጅሽ እንዴት ነው?" ሲሉሽ መልሱ "ደህና ነው፣ ተመስገን" ነው። በልጅ አይሟረትም። የልጇን ጉድለት መቁጠር የጀመረች እናት የቀረውንም ታስወስዳለች ይላሉ።

ታምሬ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመቱ በእግሩ ሄደ፣ በዘጠኝ ዓመቱ "እማ" አለ። አሁን ቁመቱ ጉበን ይነካል፤ አእምሮው ግን የትንሽ ልጅ እንደሆነ ቀረ። ገላውን የምታጥበው እሷ፣ ሽንት ቤት የምትወስደው እሷ፣ የሚጥለው በሽታ ሲነሳበት ራሱ ከድንጋይ እንዳይጋጭ ጭኗ ላይ የምትይዘው እሷ ናት። ብቻውን የሚችለው ነገር ሁለት ነው። አንዱ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ነው፤ እሱንም ለመልመድ ሁለት ክረምት ፈጅቶበታል። ሁለተኛው ውሃ ማቅረብ። ነጋዴው በድሩ ደግ ሰው ነውና ታምሬ መጋዘኑ ውስጥ እናቱ አጠገብ እንዲውል ፈቅዷል። አበጣሪዎቹ ሲጠማቸው "ታምሬ፣ ውሃ" ይላሉ። እሱም ዚር ከሚሉት ትልቅ የሸክላ ማሰሮ በጣሳ ቀድቶ፣ ግማሹን እያፈሰሰ፣ ግማሹን ያደርስላቸዋል። ያኔ ወርቅውሃ ታጨበጭባለች፤ "ታምሬ ይችላል!" ትለዋለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ "ታምሬ ይችላል!" ይላል። መጋዘኑ ሁሉ ይስቃል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት እንደ ታምሬ ያሉትን ቀን ቀን የሚያውል፣ የሚያጥብ፣ የሚመግብ ቤት ከተማው ውስጥ ተከፈተ። ወጪው የመንግሥት ነው። ዳሩ ግን ጦርነቱ ከካርቱም ያባረረው ሰው ከተማዋን ሞልቷታልና ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሆነ። ስለዚህ ማን ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያሻው የሚመዝን ሰው ቤት ለቤት ይላክ ጀመር። ወርቅውሃ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ስልሳ ዓመቷን ይዛለች። ሌላ ምኞት የላትም፤ እንቅልፍ የሚነሳት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ስሞት ልጄን ማን ያጥበዋል?

ልትመዝን የመጣችው ዳሊያ ናት። አባቷ ጨርቅ ሊነግድ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እሷም እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከዓረብኛ የተቀየጠ፣ ትሑት ልጅ ናት። ወርቅውሃስ ምን አደረገች? እንግዳ ይመጣል ሲባል አገሯ የሚደረገውን አደረገች! ልጇን አጠበች፣ ጢሙን ላጨች፣ የፋሲካ ሸሚዙን አለበሰችው። ግቢውን ጠረገች። የሸናበትን ፍራሽ ከጓሮ ደበቀችው።

ዳሊያ ወረቀቷን ዘርግታ ገላውን ራሱ ይታጠብ እንደሆነ ጠየቀች። ይችላል፣ አለች ወርቅውሃ። ሽንት ቤትስ? ይችላል፣ እንደ ሰው ነው የሚሄደው። ያንቀጠቅጠዋል? አልፎ አልፎ፣ ምንም አይለው። ብቻውን ቢቀርስ? ጨዋ ነው ልጄ፣ ከተቀመጠበት አይነሳም። "ይችላል" የምትለዋን ቃል በሰማ ቁጥር ታምሬ "ታምሬ ይችላል!" እያለ ያጨበጭብ ነበር። ኋላም ማንም ሳያዘው ተነስቶ ለእንግዳዋ ውሃ አቀረበላት። ዳሊያ ጠጣችለት፤ ማሻአላህ አለችና የተነገራትን ሁሉ ጻፈች።

አይ የእናት ነገር! ወርቅውሃ እኮ ጨዋነቱን ካዩ ይወስዱልኛል ብላ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥሩ መስሏታል። የሚያስቸግር ልጅ ማን ይፈልጋል ብላ ነው።

ከወር በኋላ መልሱ መጣ። ታምሬ ብዙ ድጋፍ አያሻውም፤ ቦታ የለውም። ምን አጎደልኩ ብላ ስትብሰለሰል ሰንብታ፣ አንድ ቀን ስታጥበው በሽታው ተነሳበትና ያ ግዙፍ ሰውነት ላይዋ ወደቀ። ቀኝ እጇ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ማበጠር የለ፣ ማጠብ የለ። ጎረቤቷና የሥራ ባልደረባዋ ሰውዳ በሳምንቱ ብትመጣ፣ ቤቱ ሸትቷል፤ ታምሬ በሽንት ረጥቦ ተቀምጧል። ለዚያች ለመዛኟ ምን ብለሽ ነበር የመለስሽላት አለቻት። ወርቅውሃ ነገረቻት። ሰውዳ ራሷን ያዘች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?" አለቻትና እናትና ልጁን ይዛ በማግስቱ እነዳሊያ ቢሮ ወሰደቻቸው።

ዳሊያ የታሰረውን እጅ ስታይ ነገሩ ገባት። "ኻለቲ" አለቻት፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ "ወረቀቱ ጨዋነቱን አይጠይቅም። እርስዎ የሌሉ ቀን ምን እንደሚሆን ነው የሚጠይቀው። ክፉ ቀኑን ይንገሩኝ።" ዳግመኛ መመዘን የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑንም ነገረቻት። ከዚያ ወደ ታምሬ ዘወር ብላ፣ እሱ ከሰውዳ ጋር ውጭ ቢቆይ አይሻልም ወይ አለች።

"ግድ የለም" አለች ወርቅውሃ። "እሱ ምን ይገባዋል ብለሽ።"

ልጄ ሁሉ ነገር ይገባዋል እያለች ከሰፈሩ ስትጣላ የኖረች ሴት ናት ይህን ያለችው! እጇ ይጠዘጥዛታል፣ በሩ ዳግመኛ ይዘጋብኛል ብላ ፈርታለች። ግን አለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያ ተናገረች። ገላውን መታጠብ አይችልም። ሽንቱን መያዝ አይችልም። ምግብ ካልቆረሱለት ያንቀዋል፣ ራሱ መብላት አይችልም። "ታምሬ ይችላል" አለ ታምሬ ከጎኗ። እሷ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ቀጠለች። ብቻውን መቆየት አይችልም፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወጥቶ መኪና ለጥቂት ስቶታል። "ታምሬ ይችላል" አለ እንደገና፣ እጅጌዋን ይዞ። መልበስስ? ስትባል ቁልፎቹ ትዝ አሏት። ይችን አንዲት ነገር ብል ቦታውን ይነሱኛል ብላ ሰጋች። "አይችልም" አለች። ታምሬ እጅጌዋን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው እስኪያልቅ ድምፁ አልተሰማም።

ቦታው ተፈቀደ። ሰውዳ እልል አለች። ወርቅውሃ መሬት ስማ አመሰገነች፤ ለምን አታመስግን፣ ቢያንስ እሷ ስትሞት የሚያጥበው አገኘች። በሳምንቱ መጨረሻ በድሩን ልታመሰግን ልጇን ይዛ መጋዘን ሄደች። አበጣሪዎቹ እንደ ልማዳቸው "ታምሬ፣ ውሃ" አሉት። ዚሩን አየው፣ ጣሳውን አየው፣ አልተነሳም። ደክሞት ነው አሉ።

መጀመሪያ የሚሄድበት ቀን ጠዋት መኪናው ደጅ መጥቶ ቆመ። ታምሬ ሸሚዙን እንደከፈተ አልጋው ላይ ተቀምጧል። "ቆልፍ እንጂ፣ የኔ ጌታ" አለችው። ጣቶቹን አገላብጦ አየና፣

"ታምሬ አይችልም" አለ። አነጋገሩ የቢሮው ዕለት የራሷ አነጋገር ነበር።

"ይችላል" አለችው፤ እንባዋ መጣ። "ታምሬ ይችላል። እማ ናት የዋሸችው።" ጣቶቹን ይዛ ቁልፉ ላይ አደረገችለት። እጁ ተንሸራቶ ወደቀ። እንደ ድሮው አጨበጨበችለት፣ ግራ እጇን በጭኗ ላይ እየመታች፤ እሱ ግን ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ሹፌሩ ከውጭ ተጣራ። እዚያ ቤት የሚጠብቁት ሰዎች ወረቀቱን አንብበው ነው የሚቀበሉት፤ ይቆልፍ እንደነበረ የሚያውቅ ማንም የለም።

ወርቅውሃ ፊቱ ተንበረከከችና አምስቱን ቁልፍ በግራ እጇ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ታምሬ እስክትጨርስ ክንዶቹን ከፈት አድርጎ ጠበቃት።