አግድም የተሰፋው ኪስ

«ክሬ አለቀብኝ ቀዳዳው ሳይደፈን፣
እምም... እምምም... እምም...»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶባታል። እናቷ በዚህችው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ስታዜመው ሺህ ጊዜ ሰምታለች፤ ስትሞት መኪናዋን ከነጠረጴዛዋ፣ ዘፈኑን ደግሞ ግማሹን ብቻ አወረሰቻት። የጎደለውን በእምምታ እየሞላች፣ እግሯ መርገጫውን እየመታ፣ ጨርቁ እንደ ወንዝ ከጣቶቿ ሥር ይፈስሳል።

ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷ ነው። ነገር ፍለጋ አትወጣም። ነገር ቤቷ ድረስ ከመጣባት ግን ጨርቁን ከነገበሩ ነው የምትቆርጠው።

በዚያን ቀን ጠዋት መቀስ ምላሷን ሰብስባ፣ የአምስት ዓመት ልጇን ሚጢን ከስልኩ ፊት አስቀመጠቻት። መዋዕለ ሕፃናቱ «ሕንፃው እየታደሰ ነው» ተብሎ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል፤ ልጆቹ በየቤታቸው በስልክ ይማራሉ። ደንቡ አጭር ነው። ስም ሲጠራ የልጁ ፊት ካልታየ ቀሪ ነው። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ለከርሞ አንደኛ ክፍል ቦታ የለውም፤ ወረፋ ይዞ ደጅ የሚጠና ሞልቷል። ሚጢ ሁለቱን ቀርታለች። አንዴ ደንበኛ ደውላ «ቀሚሴ ደረሰ ወይ?» ስትል ትምህርቱ ተቋረጠ፤ አንዴ ደግሞ ልጅቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ልትለቅም ጠረጴዛው ሥር ገብታ ቀረች።

አማቷ በሩ አጠገብ ካሮት ይልጣሉ። ስልኩን ባዩ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«ስልክ ሰው የሚያደርግ ቢሆን፣ ራዲዮ ስሰማ ያረጀሁት እኔ እስካሁን ዶክተር በሆንኩ።»

«እማማ፣ በሞትዎ ይተዉኝ!»

«በሞቴ አትማዪ፣ ቅርብ ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ለሆቴል አስተናጋጆች የሚደርሱ አሥራ ሁለት ሽርጦች ነበሩባት። አንድ ዓይን ለመርፌው፣ አንድ ዓይን ለልጅቷ አይበቃም። ታዲያ መቀስ የምታውቀውን አደረገች፤ ሰፋች። የሚጢን የቀሚስ ጠርዝ ከወንበሩ ትራስ ጋር፣ በጣት ስበው በሚነቅሉት ላላ ስፌት፣ ዙሪያውን ያዝ ያዝ አደረገችው። ትራሱ በማሰሪያ ከወንበሩ ጋር የታሰረ መሆኑን ረሳችው። ልጅቷ ሳቀች፤ ጨዋታ መሰላት።

መምህርቷ ግን ስም ከመጥራቷ በፊት፣ «ልጆች፣ ተነሱ! እንደ ጥንቸል እንዝለል!» አለች።

ሚጢ ዘለለች። ወንበሩም አብሯት ዘለለ። ቀጥሎ የተሰማው ጓ! የሚል ድምፅ ነው፤ ስልኩ ላይ የቀረው ባዶ ግድግዳ ነው። መቀስ መርፌዋን ጥላ ደረሰች። ሚጢ ወንበሩን እንደ ኤሊ ተሸክማ በሆዷ ተኝታ ትስቃለች፤ አንድም ቦታ አልተጫረችም። ስፌቱን ፈታ እስክታነሳት ግን ስሟ ተጠርቶ አልፏል።

«ሚጢ? የለችም። ቀሪ።»

ሦስተኛ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የወላጆች መልእክት መለዋወጫ ላይ ከትምህርቱ የተቀዳ ፎቶ ወጣ፤ ሚጢ ቀሚሷ ከትራሱ ጋር እንደተሰፋ ወንበሯን ተሸክማ ስትወድቅ። የለጠፈችው ልጇ ከሚጢ ጋር የሚማረው የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፤ ከሥሩም «ልጇን ከወንበር ጋር የሰፋች እናት! ልጆቻችን ከእንዲህ ዓይነቷ ቤት ልጅ ጋር ነው የሚማሩት?» ብላለች። መቀስ አነበበችው። ምግብ ቀርቦላት ነበር፣ ገፋችው። ሽርጦቹን ጨርሳ አስረከበች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ወላጆችን በስልክ ሰበሰበ። አጀንዳው የስልኩ ትምህርት ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚል ነበር።

«የኔ ልጅ የተማረው ድምፅ መዝጋት ብቻ ነው» አለ አንድ የታክሲ ሹፌር። «ስቆጣው ጣቱን አፌ ላይ ይጫናል፣ ዝም እንድል!»

ጥቂቶች ሳቁ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት አልሳቀችም።

«ትምህርቱ ምንም አልሆነም። ችግሩ አንዳንድ ወላጅ ነው። የእኔ ልጅ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ያ ሁሉ ትርምስ ሲሆን እንኳ ንቅንቅ አላለም! ደንብ ካለ ይከበር፤ ሦስት ጊዜ የቀረች ትሰረዝና ለሚገባው ቦታ ይለቀቅ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ደንቡ...»

ንቅንቅ አላለም። ቃሉ መቀስ ጆሮ ውስጥ እንደ ተሰበረ መርፌ ተሰካ። ጠዋት ስልኩ ላይ ያ ልጅ አረንጓዴ ባለ መስመር ሸሚዙን ለብሶ አይታዋለች፤ ያኔም እጇ አንድ ነገር ሊነግራት ፈልጎ ነበር፣ የሽርጡ ጥድፊያ አላስደመጣትም። አሁን ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ተነሥታ ከሚስማሩ ላይ አንድ ልብስ አወረደችና ስልኩ ፊት ዘረጋችው።

«እትዬ፣ ይህችን ሸሚዝ ያውቋታል?»

«የልጄ ናት። ክርኗ ተቀዶ ነው ያመጣሁልሽ። ምን አገናኘው?»

«ኪሷን ይዩት። የሸሚዙ መስመር ወደ ላይ፣ የኪሱ መስመር ወደ ጎን። ዓይኔ ስቶ አግድም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ‹አፍሬአለሁ፣ ልፍታውና ላስተካክለው› ስልዎት፣ ‹ልጅ ነው፣ ማን ያየዋል› አሉኝ። እንዲህ ያለ ኪስ በዓለም ላይ አንድ ነው፣ እሱም የኔ ጥፋት ነው። ሸሚዟ ከቅዳሜ ጀምሮ ከዚህ ሚስማር ወርዳ አታውቅም። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ስሙ ሲጠራ ልጅዎ ይህችኑ ሸሚዝ ከነኪሷ ከየት አምጥቶ ለበሳት?»

ስልኩ ውስጥ ያሉት ፊቶች ሁሉ ፎቶ መሰሉ።

«ፎቶ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

መምህርቷ በቀስታ፣ «ለሦስት ሳምንት አንዴ እንኳ አለማስነጠሱ ገርሞኝ ነበር» አለች።

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ፊቷ ቀላ፤ ከዚያም ግድቡ ፈረሰ።

«አዎ፣ ፎቶ ነው! ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስደግፌ ካሜራው ፊት ፎቶውን አቆማለሁ! ቀኑን ሙሉ ቆሜ መድኃኒት ስሰጥ ልጄ ባንኮኒው ሥር ካርቶን ላይ ነው የሚተኛው። ማን ይያዝልኝ? አንቺ በክር ሰፋሽ፣ እኔ በፎቶ ሰፋሁ! መቀስ ብሎ ስም ያወጣልሽ አፉ ይባረክ!»

«የእርስዎን ሳልነካ የልጄን ስም ሊያስፍቁ የመጡት እርስዎ ነዎት! ካርቶን ላይ የተኛ ልጅ እያለዎት የእኔን ወንበር መለጠፍ!»

«በቃ!» አለ ዳይሬክተሩ። «ደንብ ደንብ ነው፤ ሁለቱም ይሰረዛሉ።»

«ሁለት ብቻ?» ሹፌሩ ሳቁን አልቻለም። «ስም ሲጠራ የኔን ልጅ ወንበር የሚያሞቀው ታላቅ ወንድሙ ነው። ይጻፉ!»

«የኔዋም ተኝታ ነው፣ ከኋላ የምደግፋት እኔ ነኝ» አለች አንዲት ነርስ። ሌላም ድምፅ ተነሣ፣ ሌላም። ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁሉን ከሰረዘ ማንን ሊያስተምር ነው?

«የቀሪ መዝገቡ ሕንፃው እስኪከፈት ተዘግቷል። ማንም አይሰረዝም» ብሎ፣ ደኅና ዋሉም ሳይል ጠፋ።

ከስልኩ የመጨረሻ ሆና የወጣችው የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ናት። «ሸሚዙን ነገ አስወስዳለሁ። ሳይሰፋ! እጅሽ እንዳይነካው!»

«ሳይሰፋ ከቤቴ አይወጣም!» ብላ ጮኸች መቀስ፤ የሰማት ግን የለም።

ተቀመጠችና ክርኑን ሰፋችው፣ በጥርሷ ክር እየቆረጠች፣ በየስፌቱ አንዳንድ እርግማን እያስገባች። የልጁን ትንሽ ክንድ የለካችበት ቀን ትዝ ሲላት እርግማኑ አለቀባት። ባንኮኒው ሥር ይበርደው ይሆን? ገበር የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ፈልጋ ክርኑን ከውስጥ ደረበችለት። ኪሱን አልነካችውም።

«ተሰረዘች?» አሉ አማቷ ከጓዳ።

«አልተሰረዘችም።»

«እንግዲያ ነገም ያ ስልክ ሊያስተምር ነው? ከጠዋት ጀምሮ አልበላሽም። ሾርባው ሁለቴ ሞቆ ሁለቴ ቀዘቀዘ፤ ሦስተኛ አላሞቅም፣ ደንብ ነው።»

መቀስ ሳትወድ ፈገግ አለች። ከወንበሩ ትራስ ላይ የቀሩትን ነጭ ክሮች አንድ በአንድ እየነቀለች፣ «ክሬ አለቀብኝ ቀዳዳው ሳይደፈን...» ብላ ጀመረችና የተለመደው ቦታ ላይ ዜማዋ ተሰበረ።

ሁለት ወር ሙሉ ስልኩ ፊት ተቀምጣ፣ ጆሮዋን ለስፌት መኪናው ሰጥታ የከረመችው ሚጢ፣ ማንኪያ ይዛ ብቅ አለች፦

«እማዬ ነይ ብዪ ድስቱ ሳይከደን!»

አማቷ ሳቁ። መቀስ ማንኪያውን ተቀበለች፣ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ጎረሰች።