በአመድ የተሠራ መንገድ

አንድ የቋንቋ መምህር ስለ ሸኮኛ በጻፈው ጽሑፍ «አንዲት የሸኮ አሮጊት» ያላት እናቴ ናት። እኔን ጭራሽ አልጠቀሰኝም። ያኔ ሚዛን ውስጥ እሱ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ጸሐፊ ነበርኩ። የእናቴን ንግግር ወደ አማርኛ የመለስኩለትም፣ ጽሑፉን የተየብኩለትም እኔ ነኝ።

ሥራው ኮምፒውተር የሸኮኛን ግስ እንዲለይ ማድረግ ነበር። ቃል ቁራጭ በቁራጭ የሚሠራበትን መንገድ በክብና በቀስት ይስላል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ክቦቹን ቡና በምናሰጣበት ግቢ ላይ በአመድ ሠራሁላት። የቃሉን ቁራጭ እየጠራች ከክብ ወደ ክብ በቀስቱ ትራመዳለች፤ መጨረሻ ላይ ያለው ድርብ ክብ ላይ ከደረሰች ቃሉ ሙሉ ነው።

«ጌታን ተቀብለሽ ደግሞ ቃልቻ ሆንሽ?» ትላታለች ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ።

«ነይና ላስጨፍርሽ» ትመልሳለች።

አንድ ቀን አንድ ቃል እየጠራች ስትራመድ መሃል ላይ ቆመች። ቃሉን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ለትምህርት ወደ ሚዛን ስሄድ ሁልጊዜ በእሱ ነበር የምትሸኘኝ፤ «እስክትመለሺ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው» እንደማለት፣ በአንድ ቃል። ከቆመችበት ክብ የሚወጣ ቀስት አልነበረም።

«እማማ፣ እንዲህ የሚል ሌላ ሰው አላገኘሁም። ስህተት ይሆናል» አላት መምህሩ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ጨርሻለሁ። ያላለቀው ያንተ መንገድ ነው።»

ሳቀና «እሺ፣ እጨምረዋለሁ» አላት።

አልጨመረም። የመጨረሻውን ረቂቅ ስተይብ ቃሏን «ተቀባይነት የሌላቸው» ከሚለው ርዕስ ሥር አገኘሁት። እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። ቋሚ ቅጥር እየጠበቅሁ ነበር፤ ምስክርነት የሚጽፍልኝም እሱ ነው። እንዳለ ተየብኩት።

በዚያው ክረምት እናቴ ታማ አማን ሆስፒታል ተኛች።

«ቃሌን አስገባው?» አለችኝ።

«አስገብቶታል።»

«ደግ ሰው ነው» አለች። መርቃው ሞተች።

ይህን ምርቃት እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ሊመረቅ አይገባውም። እሱ ዕድገቱን ይዞ ከሚዛን ሄደ፣ እኔም ቋሚ ሆንኩ። ከዓመታት በኋላ አሮጌው ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት ፕሮግራሙን ከፍቼ ቃሏን ጻፍኩ። አልተቀበለውም። ቀስ ብዬ ደግሜ ጻፍኩት። አሁንም አልተቀበለውም።

ግቢው ላይ የነበረውን አመድ ዝናብ ወስዶታል። ቃሉን እዚህም አልጽፈውም። አንዴ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ።