አባቴና የካርፕ ሊጡ

ኩሬው ዳር አባቴን የሚያውቁት «አፍንጬ» በሚል ስም ነው። የአፍንጫው ትልቅነት እንኳ አይካድም፤ ስሙ ግን የወጣለት ካርፕ ለተባለው ዓሣ በሚያዘጋጀው ሊጥ ነው። የበቆሎ ዱቄት፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ይለውሳል። መስፈሪያ አያውቅም። ለወስ ለወስ ያደርግና ያሸታል፣ ማር ጠብ ያደርግበታል፣ ደግሞ ያሸታል። ካርፕ ሆዳም ቢሆንም ጠርጣራ ነው፤ ሽታው ካልጣመው መንጠቆውን ዞር ብሎ አያይም ይላል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው።

እናቴ ካረፈች ጀምሮ ብቻውን ይኖራል። ታላቅ ወንድሜ «አንድ ነገር ይሁን እንጂ በማግስቱ ወደ እኔ እወስደዋለሁ» ይላል። አባቴ ደግሞ ከቤቱ ከሚወጣ ሞቱን ይመርጣል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ሲፈጥረኝ ጭንቀታም ነኝ፤ ስልኩን ቶሎ ካላነሳ የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ልቤ ተሰቅሎ እጠብቃለሁ።

ሰሞኑን ዓሣ እምቢ አለው። ከጎኑ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ በተራ ዳቦ ሲያወጣ፣ አባቴ ባዶ ባልዲ ይዞ ይመለሳል። አንዴ ውሃው ደፈረሰ፣ አንዴ ነፋሱ ዞረ ይላል።

«አባዬ፣ ሊጡን ቀየርከው እንዴ?» አልኩት በስልክ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ልጄ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ቅዳሜ አብሬው ወረድኩ። ሊጡን ከላስቲክ አወጣና ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበው። «አሁን ልክ ሆነ። ማሩ ከሩቅ ይጣራል» አለ። እንደ ልጅነቴ እንዳድበለብለው ግማሹን ሰጠኝ።

ሊጡ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይላል። የዱቄቱ ከረጢት የሚቀመጥበት ቦታ ትዝ አለኝ፤ ጓዳ፣ ከሚያንጠባጥበው የፋኖስ ጋዝ ጀሪካን ሥር። ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ግን ከአልጋው ብዙ የማይርቀው ቡታጋዝ ነው። ተኝቶ ሳለ ሲሊንደሩ ቢያፈስ ይህን ያላሸተተ ሰው በምን ያውቃል?

«አባዬ፣ ምን ምን ይሸትሃል?»

«ነገርኩሽ እኮ። ማር።»

ፊቴን አየው። ከዚያ ባልዲውን አየ፣ ውሃውን አየ። ፀጉር አስተካካዩ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አለኝ።

መንጠቆውን ጠቀለልኩ። ወደ ቤቱ ተመለስን፤ እኔ ቀደም ቀደም እያልኩ፣ እሱ ከኋላዬ እያለከለከ። በሩን ከፍቼ ገና ሳልገባ አየሩን ሳብኩ። የቡታጋዝ ሽታ የለም። ጓዳ ገባሁ። ምድጃው አቧራ ለብሷል፣ ጎማው ተፈትቶ ተጠቅልሏል። ሲሊንደር የሚባል የለም።

«ሲሊንደሩስ?»

«ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት። ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ አፍንጫዬ አልተመለሰም። ተኝቼ እንዳልቀር ፈራሁ።»

«ታዲያ ምን ትበላለህ?»

«ዳቦ» አለ፣ ጥፋት እንዳጠፋ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ።

ሙቅ ነገር ከቀመሰ ሰንብቷል። ለካ በመጣሁ ቁጥር በር ላይ የሚጠብቀኝ፣ ቤት ሳያስገባ ወደ ውጭ ይዞኝ የሚወጣው ለዚህ ነው። አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ። እኔ ለእሱ ስጨነቅ እሱም ብቻውን ሲጨነቅ ከርሟል። ያወቁበት ዓሣዎቹ ብቻ ናቸው።

አዲስ ዱቄት ገዝቼ መጣሁ። እሱ ሲለውስ ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው።

«አባዬ እንዴት ነው?»

አባቴ እጁ በሊጥ እንደተለወሰ አፌን አፌን ያየኛል።

«ደህና ነው» አልኩ። «የኤሌክትሪክ ምድጃ ልንገዛለት ይገባል። ግማሹን አንተ ታዋጣለህ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ሊጡን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋው። አሸተትኩና ማር ያንሰዋል ብዬ በጣቴ አሳየሁት።