የጋሽ ጨዋታ መንጋጭላ

ፀጉር ቤቱ ከመድኃኒት መደብሩ ጎን ነው። በሩ ጠባብ፣ ውስጡ ረጅም። ሦስት ወንበር፣ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ መስታወትና ወረፋ ጠባቂ የሚቀመጥበት የእንጨት አግዳሚ አለው። ባለቤቱ የወጣለት ስም ቢኖረውም በስሙ የሚጠራው የለም፤ ወጣቱም ሽማግሌውም «ጋሽ ጨዋታ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ወደሱ የሄደው ፀጉሩን ለመቆረጥ ብቻ ሳይሆን ጨዋታውን ለመስማትም ነው። እኔ ራሴ ፀጉሬ ሳስቶ የሚቆረጥ ነገር ባይቀርም በየሁለት ሳምንቱ መሄዴን አልተውኩም።

ጨዋታው ሐሜት አይደለም። ጋሽ ጨዋታ ሰው አያማም፤ የሚያወራው በራሱ ላይ የደረሰውን ነው። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደውን ሰውዬ ግማሽ ጺም በስህተት ላጭቶ፣ ሰውየው ሲነቃ «ሙሉውን ቢነሳ እኮ አሥር ዓመት ይቀንስልዎታል» ብሎ እንዴት እንዳሳመነው ያወራል። ሰውየው በሳምንቱ ወንድሙን አስከትሎ መጣና «ለዚህም አሥር ዓመት ቀንስለት» አለው። ጋሽ ጨዋታ ወሬው ልብ የሚያንጠለጥልበት ቦታ ላይ ሲደርስ መቀሱን አየር ላይ ያቆማል። ወረፋው የደረሰ ሰው እንኳ መጨረሻውን ሰምቶ ለመሄድ ተራውን ለሌላ ይለቅ ነበር።

አንድ ልማድ ነበረው፤ ማስቲካ። ሥራው ከሰው ፊት አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ስለሆነ ትንፋሼ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ የጀመረው ነው። ጠዋት በር ሲከፍት አፉ ውስጥ የገባው ማስቲካ ጣዕሙ ሲያልቅ በሌላ እየተተካ እስከ ማታ ይታኘካል። ምላጭ ሲይዝ ብቻ ማኘኩን ያቆምና ጥርሱን ግጥም አድርጎ ይነክሳል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ድረስ አይላቀቅም።

ራስ ምታቱ የጀመረው በሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ጠዋት ሲነሳ ጭንቅላቱ በገመድ የታሰረ ይመስለዋል። ሕመሙ ከሁለቱ ጆሮ ግንዶቹ ተነስቶ ግንባሩን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ አንድ ክኒን ውጦ ሥራውን ይቀጥላል። አንዱ ክኒን ሁለት ሆነ፣ የአልፎ አልፎውም የየዕለት ሆነ። በመጨረሻ የጎረቤቱ መድኃኒት መደብር ባለሙያ አልሸጥልህም አለችው። ማስታገሻ በየቀኑ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ እንደሚችል ነግራው፣ ሄደህ ተመርመር አለችው። ተቀየማት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት አለፈ፤ በስምንተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቋት ለመመርመር ሄደ።

ዓይንህ ነው ተብሎ መነጽር ታዘዘለት። መነጽሩ የሰውን ሽበት አንድ በአንድ አሳየው እንጂ ራስ ምታቱን አላሻለውም። ደንበኞቹ ትራስህ ነው ቢሉት ሦስት ጊዜ ትራስ ቀየረ። ውስጥ ውስጡን ግን ሌላ ፍርሃት ይዞት ነበር፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ ብሎ አምኗል። ይህንን ለሚስቱ አልነገራትም። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዶ ጭንቅላቱን በማሽን ሲያስነሳ ምንም ክፉ ነገር የለም ተባለ። የዚያን ዕለት ኬክ ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ምን ተገኘ ብላ ስትጠይቀው፣ ፍርሃቱንም ምርመራውንም አንድ ላይ ዘረገፈላትና «ጭንቅላትህ ውስጥ ምንም የለም አሉኝ» አላት።

እሷም ዓይኗን እየጠራረገች «ይህን ለማወቅ ማሽን ምን አስፈለገ? እኔን አትጠይቀኝም ነበር?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ራስ ምታቱ አብሮት ነቃ።

ከዚያ በኋላ ነው ዝም ያለው። ረጅም ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ ሲደርስ መንጋጭላው ይዝልበታል፣ ጆሮው ውስጥ ይጠዘጥዘዋል። አንድ ቀን ሲያዛጋ አፉ ተከፍቶ ለአፍታ አልገጥም ብሎት ደንግጧል። ስለዚህ አጭር መልስ ብቻ መስጠት ጀመረ። ደንበኞች የተቀየማቸው መሰላቸው። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ ጸጥታው ቢከብደው ሬዲዮ አምጥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ጨዋታ ቤት ሬዲዮ ሲከፈት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት የጥርስ ሐኪም ነበር፤ አራት ዓመት የቆየ ደንበኛ። እኔ አግዳሚው ላይ ወረፋ እየጠበቅሁ ነበር። ሐኪሙ ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ ዓይኑ ላይ ሞቅ ያለ ፎጣ ጣል ተደርጎበት፣ ጉንጩ በአረፋ ተሸፍኗል። ጋሽ ጨዋታ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጉንጭ ላጭቶ ጨረሰና ምላጩን እየጠረገ ማኘኩን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?» አለ ሐኪሙ ፎጣው ሥር ሆኖ።

«መቀሱ ነዋ።»

«መቀሱንማ ቅድም አስቀምጠኸዋል፤ ሲቀመጥ ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ጨዋታ ማኘኩን አቆመ። ድምፁም ቆመ። ደግሞ አኘከ፤ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ፎጣውን ከዓይኑ አነሳና ራስህን ያምሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ጨዋታ ከመመለሱ በፊት አግዳሚው ላይ ያለነው ሁሉ ባንድ አፍ «ያመዋል» አልን።

ሐኪሙ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ተነሳና ጋሽ ጨዋታን በገዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሐኪሙ ጣቶቹን ከጆሮዎቹ ፊት ለፊት አሳርፎ አፍህን ክፈት፣ ግጠም አለው። ሦስት ጣትህን ደርበህ አፍህ ውስጥ አስገባ ቢለው ከሁለት በላይ አልገባም። ከዚያ የጉንጩን ጡንቻ፣ ቀጥሎም ከጆሮው በላይ ያለውን ቦታ ጫን ጫን አደረገ።

ጋሽ ጨዋታ የሐኪሙን እጅ ያዘው። «እሱ ነው» አለ። «ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ራሱ ነው።»

ሐኪሙ እዚያው ቆሞ አስረዳው። መንጋጭላ ከራስ ቅል ጋር የሚጋጠመው ከጆሮ ፊት ባለችው ቦታ ነው። መንጋጭላን የሚያነሳው ጡንቻ ደግሞ ከጆሮ በላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ግማሽ ጭንቅላትን ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ሲያኝክ ውሎ ምላጭ ሲይዝ ደግሞ የሚነክስ ሰው ያን ጡንቻ ዕረፍት ነስቶታል፤ ጡንቻው ሲታመም ሕመሙ የራስ ምታት ሆኖ ይሰማል። ሁሉም ራስ ምታት ከዚህ አይመጣም ብሎ ግን አስጠነቀቀው። ሌላውን ተመርምረህ መጨረስህ ጥሩ ነው፤ ሰኞ ክሊኒክ ና፣ በደንብ አይቼ ነው የምፈርደው አለው። ይህን ሁሉ ሲናገር አረፋው ጉንጩ ላይ ደርቆ ነበር።

ሰኞ ሚስቱ አብራው ሄደች። ሐኪሙ መረመረ፣ ራጅ አስነሳ፣ የመንጋጋ ጥርሶቹ አናት መበላቱን በትንሽ መስታወት አሳየው። ወደ ሚስቱም ዞሮ፣ ተኝቶ ጥርሱን ያፋጫል ወይ ሲል ጠየቃት።

 ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። ለካ ማታ ማታ የምትሰማውን ድምፅ ሁለት ዓመት ሙሉ አይጥ ነው ብላ ስታሳድድ ነው የኖረችው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ አስነስታ አስፈትሻለች፤ ከአልጋው ሥር ወጥመድ አጥምዳለች። በመጨረሻ የጎረቤት ድመት ተውሳ መኝታ ቤት ብታስገባ፣ ድመቷ አንድም ቦታ ሳታሸት አልጋው ላይ ወጥታ የባሏን አፍ አፍጥጣ ስታይ አደረች። «ድመቷ ገብቷት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሞኟ እኔ ነኝ።»

ሕክምናው ቢላዋም መርፌም የሌለበት ሆነ። ማስቲካ ጨርሶ ቀረ። ለጥቂት ሳምንት ጠንካራ ምግብ ተከለከለ፤ ሲያዛጋም አገጩን በመዳፉ ደግፎ ነው። ጠዋትና ማታ ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ ጉንጩ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ጡንቻውን በጣቱ በዝግታ ያሻል፤ ፎጣና ማሸት የዕለት ሥራው ስለሆኑ ይህን ለመልመድ አልተቸገረም። ለእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ ሐኪሙ በጥርሱ ልክ ጠንካራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን አሠራለት። ማታ ማታ ሲያደርገው «ሰ» እና «ሸ» እየተምታቱበት ሚስቱን በሳቅ ይገድላት ነበር።

የከበደው የቀን ቀኑ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ከጥርስ አይነካካ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ይረፍ ብሎ ነው። ለመናገር ቀላል፤ ጋሽ ጨዋታ ግን በየደቂቃው ይረሳዋል። ስለዚህ ጥፍር የምታክል ቀይ ወረቀት ቆርጦ መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ ባያት ቁጥር ጥርሱን ያላቅቃል። ሠላሳ ዓመት ያን መስታወት ሲያይ የሰው ፊት ብቻ ነበር የሚያየው። አሁን የራሱን አየና፣ ምላጭ ሲይዝ ፊቱ እንደሚቋጠር ገባው። ይሄን ፊት እያየ እንዴት ነው ሰው አንገቱን የሚሰጠኝ ብሎ ተገረመ።

የመጀመሪያው ሳምንት የማስቲካው ጦስ ነበር፤ ነጭናጫ ሆነ። ትንፋሹ እያሳሰበው በየሰዓቱ በናና ውሃ ይጉመጠመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ላላ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ነቅቶ ጣሪያውን እያየ ራስ ምታቱን ጠበቀው፤ አልመጣም። ለማንም ሳይናገር ተነስቶ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ የደረስኩት ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሬዲዮው ተዘግቷል። ጋሽ ጨዋታ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ ስለ ድመቷ ያወራል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ የመድኃኒት መደብሩ ባለሙያ ሳትቀር የሳቁን ድምፅ ሰምታ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች።

ቀይዋ ወረቀት በሰፈሩ ታወቀች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እኔንም ራሴን ያመኛልና ፎጣውንም ወረቀቱንም ስጠኝ ብሎ መጣ። ጋሽ ጨዋታ ግን አይሆንም አለው፤ መጀመሪያ ተመርመር፣ የሁሉም ራስ ምታት ከመንጋጭላ አይደለም ብሎ ላከው። የሰውየው ደም ግፊት ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀምሮ አሁን ደህና ነው። ጋሽ ጨዋታ ከራሱ መዳን ይልቅ በዚህ ይኮራል።

ባለፈው ዓመት የፀጉር አስተካካዮች ማኅበር ለአዲስ ገቢዎች ንግግር እንዲያደርግ ጠራው። እሱም ሐኪሙን ይዞ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ ግማሾቹ ማስቲካ ያኝካሉ። ስለ አቋቋም፣ ስለ ወገብ፣ ስለ መንጋጭላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራቸው። ሲያወራ ጆሮው አልጠዘጠዘውም፣ አፉም አልዛለም። በመጨረሻ ሁሉንም ማስቲካቸውን አስተፍቶ ከንፈር ግጠሙ፣ ጥርስ አላቅቁ፣ ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ አሳርፉ ሲል አዘዘ።

ሁሉም እንዳላቸው አደረጉ።

«ገባችሁ?» አላቸው።

አዳራሹ ጭጭ አለ። አርባ ሰው ምላሱን ላንቃው ላይ አስቀምጦ በዓይኑ ብቻ ያየዋል። ጋሽ ጨዋታ መልስ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። ሐኪሙ አጠገቡ ሆኖ ሳቁን ለመያዝ ሲታገል አየውና እሱም አልቻለም፤ አፉን ሦስት ጣት ያህል ከፍቶ ሳቀ። ያኔ ወጣቶቹም ምላሳቸውን ለቀው አብረውት ሳቁ።